የብረት ሽማግሌ

ቤር ሼቫ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
ከኮሪደሩ ጫፍ፣ የመጨረሻው ቤት፤
ከእኔ ጋር የነቃው የግፊት መለኪያ፣
ሊዮኒድ ወንበር ላይ የረሳው መደረቢያ፣
ውጭው የኔጌቭ ነፋስ፣ አሸዋ ሲበትን፣
ውስጡ ቀጭን ቱቦ፣ በሦስት መቶ ሃያ ዲግሪ ሲተክን።

ቱቦው ሆድ ውስጥ ብረት አለ፤ እፍኝ የማይሞላ፣
እንደ ኑግ የጠቆረ፣ ግን የማይበላ።
በአንዱ ጫፍ የተቃጠለ አየር ይገባል፣ የጭስ ማውጫ ትራፊ፣
ማንም «የኔ ነው» የማይለው፣ ያለ ባለቤት ተንሳፋፊ፤
በሌላው ሃይድሮጂን፣ ከውሃ በፀሐይ ጉልበት የተለየች፣
ቀበጥ፣ ቀላል፣ ቀዳዳ ባገኘች ቁጥር የኮበለለች።
አይተዋወቁም። አይፈላለጉም።
እሱ በሁለት ኦክስጅን ተጠፍሯል፤ እሷ አንድ ቦታ አትረጋም።

ሽማግሌ ያስፈልጋል።

ብረቱ መሃል ይቀመጣል፣ ያንን በቀኝ፣ ይህችን በግራ፣
«አንተ ያዝከውን ልቀቅ፤ አንቺም አትሽሺ፤ እስቲ በወግ እናውራ።»
ኦክስጅኑ ውሃ ሆኖ ይሸኛል፤ እንባ አይደለም፣ እንፋሎት፤
ካርቦን ከካርቦን ክንድ ለክንድ ይያያዛል፣ ስምንት፣ አሥር፣ አሥራ ሁለት፤
ሰርጉ ሲደምቅ ሽማግሌው ጥሎሽ አይቆጥር፣
ከድግሱ አይቀምስ፤ ሌሎች ጥንዶች ደጅ ቆመዋል፣ ይመለሳል ወጉን ሊጀምር።

አባቴ በለሳ ላይ ብረት ቀጥቃጭ ነበር።
ቀን ማረሻውን ይወስዱና ማታ ይዘጉበታል በር፤
«ብረት የሚያቀልጥ ሌሊት ጅብ ይሆናል» ይባል ነበር በአገር።
ይኸው ልጁ። ሌሊት። ከብረት ጋር።
ጅብ አልሆንኩም።
ትንሽ አዛጋሁ እንጂ።

በአሥራ አንደኛው ሌሊት ሽማግሌው ደከመ፤
ጥላሸት ለበሰ፤ መለኪያው ወረደ፤ ሊዮኒድ በሩሲያኛ ተራገመ።
አባቴ ጋ ደወልኩ፤ ምን ያውቃል ስለ ካታሊስት?
«ትርፌ፣ የደነዘዘ ብረት አይመታም» አለኝ በእርጋታ፣ በትዕግሥት፣
«አሙቂው፣ አስተንፍሺው።
ወናፉን ለጌጥ የያዝኩት መሰለሽ?»
ሃይድሮጂን ብቻ፣ ቀስ እያልን፣ እስኪነጋ ነፋንበት፤
ወፍ ሲንጫጫ ነፍስ ዘራበት።

የመጀመሪያው ጠርሙስ ሰም ያዘ፤ ነጭ፣ የረጋ፣ ዝምተኛ።
ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ቢያየው ይስቅ ነበር በእኛ፤
ወርቁ ከሁለተኛው ነው፤ ጠብ፣ ጠብ፣ በቀዝቃዛው መስታወት፣
የሳምንት ልፋት፣ የሁለት ማንኪያ ሀብት።

አርብ ከሰንበት በፊት ወሰድኩለት፤ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ።
«ላምባ!» አለና ፊቱ በራ፣ ወዲያው ደግሞ ተከተተ፤
«ከጭስ ላምባ? እኛ ከላምባ ጭስ ነበር የምናወጣ።
ደግሞስ ይህች ጠብታ፣ ያንን ሁሉ ሰው ተሸክማ ልትወጣ?»
አልዋሸሁትም። «አባ፣ ይህ አውሮፕላኑን ከቆመበት አያነቃንቅም፤
ዋጋው ውድ ነው፤ ብረቱ ያረጃል፤ መቼ እንደሚሆን አላውቅም።»

ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ ያየዋል።
በሰማንያ ሦስት ግንቦት፣ ወንበሩ የተነቀለ አውሮፕላን ወለል ላይ፣
ጉልበቱን አቅፎ፣ ግንባሩ ላይ ቁጥር ለጥፈውበት ነው የመጣው በሰማይ።
«ያ ያቃጠለው ጭስ የት ደረሰ?» አለ።
«ብዙው እላያችን ነው። ገና አልጠፋም።»
«የእኔስ? የከሰሌ?»
«እሱም፣ አባ። እዚያው አለ።»

ዝም አለ።
ውጭ የአራት ቁጥር አውቶቡስ ሽቅብ እያቃሰተ አለፈ።
«ማረሻውን ወሰዱ፤ ስሜንም ወሰዱ፤ ጭሱ ግን ከእኔ ተረፈ።
ታዲያ ዕዳዬን ነው የምትከፍዪው?» ብሎ ሳቀ፣ ሳል እስኪያቋርጠው።

ክዳኑን ሲገጥም አንዲት ጠብታ አውራ ጣቱ ላይ ወረደች፣
እሳት በበላው አሮጌ ጠባሳ ላይ ተዘረጋች።
ጨርቅ አቀበልኩት።
አልጠረገም።